«ኢንቮልቭድ» ማለት «ጥፋተኛ» ማለት አይደለም

ሰላም እህቴ። «ኢንቮልቭ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ትርጉሙ ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ጠይቀሻል። መዝገበ ቃላቱ «መሳተፍ» ቢልሽም ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ አልገባሽም። ቅጽ ካልሽ የከባድ መኪና ሾፌርነት ማመልከቻ መሆን አለበት። እኔም አሜሪካ እንደመጣሁ የተቃጠልኩት እዚያው ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

1. ሥሩን ያዢ። ቃሉ ላቲን ነው። «ኢን» ወደ ውስጥ፣ «ቮልቬሬ» ደግሞ ማንከባለል፣ መጠቅለል ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ያኔ መሸፈን፣ መጠቅለል ማለት ነበር። ሰውን ነገር ውስጥ ማስገባት የሚለው ትርጉም ከዚያ ነው የወጣው። ዘመዶቹን ታውቂያቸዋለሽ። ሪቮልቨር የተባለው ሽጉጥ ስሙን ያገኘው ከሚሽከረከረው የጥይት ቤቱ ነው። የመጽሐፍ «ቮልዩም» ድሮ የሚጠቀለል መጽሐፍ ነበር። የምነዳው ቮልቮ እንኳ ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በላቲን «እንከባለላለሁ» ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ኩሽኔታ የሚያመርተው የስዊድን እናት ኩባንያው ነው። የመጀመሪያው ቮልቮ መኪና በፈረንጆቹ 1927 ወጣ። ይህን ሳውቅ መሪውን ስይዝ ደስ ይለኝ ጀመር።

2. ቃሉ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይናገርም። ጋቢ ውስጥ የተጠቀለለ ሕፃን ራሱን አልጠቀለለም። «አደጋ ውስጥ ኢንቮልቭድ ነበርሽ ወይ?» ሲሉሽ የደረሰ አደጋ ውስጥ ነበርሽበት ወይ ማለታቸው ነው። ያደረሰው ማን እንደሆነ ገና አልጠየቁም።

እኔ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ አንዱ ከኋላ መጥቶ ገጭቶኛል። ፖሊሱም ጥፋቱ የሱ ነው ብሎ ጽፏል። የቅጥር ቢሮው የመደበልኝ አስተርጓሚ ግን ጥያቄውን «አደጋ አድርሰህ ታውቃለህ?» ብሎ ነው ያቀረበልኝ። አላደረስኩም፤ «አላውቅም» አልኩ። «ኖ» ላይ ምልክት አደረገ። በኋላ መዝገቤ ሲታይ አደጋው ወጣ። የቢሮዋ ኃላፊ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ዋሽተሃል» አለችኝ። የፖሊሱን ሪፖርት ባቀርብላት በእጇ መለሰችው። አስተርጓሚው አጠገቤ ቆሞ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ለመንጃ ፈቃዱ ትምህርት የተበደርኩትን ገንዘብ ገና ከፍዬ አልጨረስኩም ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በሙያው እንጀራ የሚበላ ሰው እንዴት «ነበረበት» እና «አደረሰ» ይምታታበታል?

3. ከቃሉ በኋላ የሚመጣውን እዪ። ወንጀል ከተከተለው «እጁ አለበት» ወደሚለው ይጠጋል። «ሥራው ዕቃ ማንሳት ኢንቮልቭ ያደርጋል» ካለ፣ ሥራው ዕቃ ማንሳትም አለው ማለት ነው፤ ወገብሽን የሚያምሽ ከሆነ እዚያ ላይ ጠይቂ። ሰው ከሰው ጋር «ኢንቮልቭድ» ነው ካሉ ብዙ ጊዜ የፍቅር ነገር ነው። «መሳተፍ» የሚሠራው ሰው ወዶ ለገባበት ነገር ነው። አደጋ ላይ ማንም ወዶ አይሳተፍም።

4. የፌዴራሉ ደንብ ከክልል ክልል ለሚነዱ ሾፌሮች ማመልከቻ ላይ፣ ያለፉት 3 ዓመታት አደጋዎች ከነቀናቸውና ከነዓይነታቸው እንዲዘረዘሩ ያዛል። የሞተ ወይም የተጎዳ ሰው ካለም ይጻፋል። ስለዚህ ቢገጩሽም «የስ» በዪ። ከሥሩ «ቆሜ ሳለሁ ከኋላ ተገጨሁ» ብለሽ በአጭሩ አስረጂ፤ የፖሊስ ሪፖርቱን ኮፒ አያይዢ። እኔ ሌላ ድርጅት ስሄድ ያለ አስተርጓሚ ራሴ እንዲህ ሞላሁት። ቀጣሪው አንብቦ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝና ፈረመልኝ። አሁን ሠፈራችን ያሉ አዲስ ሾፌሮች ቅጻቸውን ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ።

ያልገባሽን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ቀድተሽ እዚህ ጻፊልኝ። ስምሽንና የመንጃ ፈቃድ ቁጥርሽን ግን አውጪው። ዛሬ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ፤ እስከዚያ እንዳትፈርሚ።