«ከሌሊቱ 12 ሰዓት» ሲሉህ በማን ሰዓት እንደሆነ ጠይቅ

ወንድሜ፣ አባትህ ለካንሰራቸው ፕሮስቴታቸው (ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች እጢ) ውስጥ የጨረር ፍሬ፣ ማለትም ጨረር የሚያወጣ ትንሽ ቅንጣት፣ እንዲተከልላቸው ዴልሂ ልትወስዳቸው መሆኑን ገልጸህ፣ ሆስፒታል ከመግባታችሁ በፊት ምን ማዘጋጀት እንዳለባችሁ ጠይቀሃል። እኔ የዛሬ ሁለት ዓመት አባቴን ከጎንደር እዚያው ወስጄ፣ አሳክሜ፣ በሰላም መልሻለሁ። ስለ ሕክምናው ምንነት ሐኪሞቹ ነግረውሃልና ወደዚያ አልገባም።

1ኛ፦ ከፕሮስቴታቸው ለምርመራ የተወሰደውን ናሙና የያዘውን መስታወት (ስላይድ) ይዘህ ሂድ። የውጤቱ ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ ስላይዱንና በሰም የተቀመጠውን ቁራጭ እንደገና ራሳቸው ማየት ይፈልጋሉ። ይህንን የሚያወጣልን ሰው ሦስት ቀን አመላልሶናል። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ ዱላቸውን ተደግፈው መስኮቱ ሥር ቆመው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው «ነገ ኑ» ይላቸዋል። በአራተኛው ቀን ቢሮው ሳይከፈት ደርሼ በሩ ላይ ጠበቅሁት። መሳቢያውን ስቦ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አውጥቶ ሰጠኝ! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንተ ከአሁኑ ጀምር፤ ስታገኘውም በጨርቅ ጠቅልለህ በእጅ ሻንጣህ ያዘው።

2ኛ፦ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው አሳይ። አባቴ ለልባቸው አስፒሪን ይወስዱ ነበር። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከቀናት በፊት ሊቋረጥ ይችላል፤ በራስህ ግን እንዳታቋርጥባቸው። የልብ ሐኪማቸውና ፍሬውን የሚተክለው ሐኪም ተነጋግረው ይወስኑ።

3ኛ፦ ምግብ። የአልትራሳውንድ መሣሪያው በፊንጢጣ በኩል ገብቶ ነው ፕሮስቴቱን የሚያሳያቸው፤ ስለዚህ አንጀት ባዶ መሆን አለበት። በዋዜማው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራም ቢሆን የለም። ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ የተጣራ መረቅ ነው የተፈቀደልን፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ኤኒማ (በፊንጢጣ ፈሳሽ አስገብቶ አንጀትን ማጠብ) አለ። የእኛ ቀጠሮ ዐቢይ ጾም ላይ ዋለ። ከጎንደር ሳንነሳ የንስሐ አባታቸው ለሕመምተኛ የተፈቀደ መሆኑን ነግረዋቸው ነበር። አባቴ ግን የዶሮ መረቁን ሳይነኩ «ሩዝና ሻይ ይበቃኛል» አሉ፤ በቃቸውም።

4ኛ፦ ሰዓት። ወንድሜ፣ ሌላውን ብትረሳ ይህንን አትርሳ። በዋዜማው ማታ አስተርጓሚው ደውሎ «ከሌሊቱ 12 ሰዓት በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ፣ ውኃም ቢሆን» አለኝ። ልጁ የአገራችን ሰው ነው፤ ያናገረኝም በአማርኛ ነው። እኔም በእኛ አቆጣጠር ሰማሁት፤ ሊነጋጋ ሲል ማለት ነው። የእነሱ 12 ግን የእኛ 6 ሰዓት፣ እኩለ ሌሊት ነው። አባቴ እንደ ልማዳቸው 10 ሰዓት ላይ ተነስተው ጸለዩ። ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዳቸውን ሊውሉ ነው ብዬ 11 ሰዓት ላይ ሻይ አፈላሁና ዳቦ ቆርሼ አቀረብሁላቸው። «አልፈልግም» ሲሉ ለመንኳቸው። በእጄ አጎረስኳቸው።

1 ሰዓት ላይ ሆስፒታል ገባን። ጀርባው ክፍት የሆነ ሰማያዊ ልብስ አልብሰዋቸው፣ ብርድ እንዳይመታቸው ጋቢያቸውን ደረብሁላቸው። ማደንዘዣ የሚሰጡት ሐኪም መጥተው መጨረሻ የበሉት መቼ እንደሆነ ጠየቁ። እውነቱን ነገርኳቸው። ብዕራቸውን ዘጉ። በማደንዘዣ ላይ እያሉ ምግቡ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ቢገባ ሰው ሊሞት ይችላልና ትክክል ነበሩ። ቀጠሮው በሳምንቱ ተዛወረ። ሰባት ሌሊት ሆቴል ከፈልን፣ የአውሮፕላን ትኬት በቅጣት አስቀየርን፣ የደም ምርመራው እንደገና ተሠራ። ፍሬዎቹ በአባቴ ስም ታዘው መጥተው ነበር፤ በውስጣቸው ያለው አዮዲን 125 የሚባለው ጨረር አመንጪ በ60 ቀን ገደማ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ ሐኪሙ ስሌቱን እንደገና ማየት ነበረባቸው። አስተርጓሚው «የተባልኩትን ነው ያስተላለፍኩት» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። አባቴ ግን አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ክንዳቸው ላይ አደረጉና «እንሂድ ልጄ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ሰዓቱን በወረቀት አስጽፍ። «ከእራት በኋላ ምንም አይቀመስም ማለት ነው ወይ?» ብለህ ጠይቅ፤ እራት በየትኛውም አገር እራት ነው። የደም ግፊት ኪኒን ካላቸው ጠዋት በጥቂት ውኃ ይዋጥ ወይስ ይቅር የሚለውንም ለይተህ አስጽፍ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሁሉም በሰላም አለፈ። 84 ፍሬዎች ተተከሉላቸው፤ እያንዳንዱ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። በሽንት ቱቦ አንድ ሌሊት አድረው በማግስቱ ወጣን። አልፎ አልፎ ፍሬ ከሽንት ጋር ሊወጣ ስለሚችል ማጥለያ ይሰጧችኋል፤ ከወጣ በወረንጦ እንጂ በእጅ አይነካም።

ቤታችሁንም ከመነሳታችሁ በፊት አሰናዳ። ለሁለት ወር ሕፃን ጭናቸው ላይ እንዳይቀመጥ፣ ነፍሰ ጡርም ተጠግታቸው ብዙ እንዳትቆይ ተብለናል። ባለቤቴ ያኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ርቀት መጠበቅ ብቻ እንደሚበቃ ሐኪሞቹ ቢነግሩኝም ልቤ አላረፈም፤ እናቷ ዘንድ አዘዞ ከረመች። ትልቁ ልጄ አያቱን በረንዳ ላይ በሩቅ ሲያይ እጁን ዘርግቶ ያለቅስ ነበር፤ ይህንን ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ጨረር እንዳለባቸው የሚገልጸውን ካርድ ከፓስፖርታቸው ጋር አድርገው፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ መሣሪያው ሊጮህ ይችላል።

የተቀጠራችሁበትን ቀን ጻፍልኝ። የምግቡን ዝርዝር በአማርኛ ጽፌ አስቀምጬዋለሁ፤ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ።