መልስ፦ የዲኤንኤ ውጤቱ እኔንና ወንድሜን በአንድ ወላጅ ብቻ ያገናኘናል፤ እናቴን ልጠይቃት?

እህቴ፣ ገና አትጠይቂያት። መጀመሪያ የምርመራው ድረ ገጽ ለዝምድናችሁ የሰጠውን ስያሜ ትተሽ የሴንቲሞርጋኑን ቁጥር፣ ማለትም የምትጋሩትን የዲኤንኤ መጠን የሚለካውን ቁጥር፣ እዪ። በእናትም በአባትም አንድ የሆኑ ወንድምና እህት በአማካይ 2,600 ገደማ ይጋራሉ፤ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ደግሞ 1,750 ገደማ። ቁጥሩ 2,200 አካባቢ ከሆነ ግን ቆም በዪ፤ እናታችሁ አንድ ሆና ሁለቱ አባቶቻችሁ ራሳቸው ወንድማማች ሲሆኑ እንዲህ ያለ ውጤት ይመጣል።

ቀጥሎ በአባታችሁ በኩል ያለ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ይመርመር። 870 ገደማ የሚጋራው ከማን ጋር ነው? ከአንዳችሁ ጋር ብቻ ከተገናኘ መልሱ እዚያ አለ። በሩቅ ዘመድ ግን አትፍረጂ፤ የሚያገናኟቸው የቅድመ አያቶቻቸው ወላጆች ብቻ የሆኑ ዘመዶች ምንም ላይጋሩ ይችላሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፦ የሁለታችሁ ናሙና አንድ ቀን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተወስዶ ቱቦው ከተቀያየረ በመካከላችሁ ያለው ቁጥር አይለወጥም፤ የአባታችሁ ልጅ ማን እንደሆነ ግን ይገለበጣል። ስለዚህ አንዳችሁ ድገሙት።

እስከዚያው በድረ ገጹ ላይ ያለውን የዘር ሐረግ ከሕዝብ እይታ ሰውሪ። ጉዳዩ የወንድምሽም ነውና ቀድሞ እሱ ይስማ። እናትሽን ስትጠይቂ «ማን ነው አባቱ?» አትበዪ። ከጀርባው ጉዲፈቻ፣ የወንድ ዘር ልገሳ ወይም መደፈር ሊኖር ይችላል፤ ውጤቱን ብቻ ንገሪያትና ዝም በዪ።