መልስ፦ ስሟ የተቀየረ መርከብ በምን ትታወቃለች?

የጭነት መርከብ ባለቤቷና ስሟ ሲለዋወጥ ታሪኳን በምን መከታተል እንደሚቻል ለጠየቁን ወዳጃችን፦ እስክትፈርስ ድረስ የማይለወጠውን ባለ 7 አሃዝ የአይኤምኦ (የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት) የመርከብ መለያ ቁጥር ይያዙ።

ለምሳሌ 8414520 የሚለውን ቁጥር ብንከተል፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ ተሠርታ በ1989 አላስካ ላይ ድፍድፍ ነዳጅ ያፈሰሰችው «ኤክሶን ቫልዴዝ» ስሟ ደጋግሞ ከተቀየረ በኋላ በ2008 ለሆንግ ኮንግ ኩባንያ ተሸጣ፣ ከነዳጅ ጫኝነት ወደ ማዕድን ጫኝነት ተለውጣ «ዶንግ ፋንግ ኦሽን» መባሏን፣ በ2012 ደግሞ «ኦሪየንታል ናይሲቲ» ተብላ ሕንድ ውስጥ አላንግ ላይ ለመፍረስ መብቃቷን እናገኛለን።

መርከቧን በአካል ካገኟት ግንባሯን አተኩረው ይመልከቱ፤ የቀድሞው ስም ፊደላት በብየዳ ተሠርተው ከነበረ፣ ቀለም ቢደረብባቸውም ብርሃን ከጎን ሲያርፍባቸው ብዙ ጊዜ ይነበባሉ።