«ለመዝገብ ቤት ነው እንዴ የተማርሽው?»

ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣

ሌሎችም እንዲከተሉን ደብዳቤሽን ባጭሩ ልድገመው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀሽ ስምንት ወር ሥራ ፈልገሻል። አሁን ለጀርመን ደንበኛ የሚሠራ የአዲስ አበባ ድርጅት ጠርቶሻል። ሥራው ግን ኮድ መጻፍ አይደለም፤ ደንበኛው በሚሸጠው መሣሪያ ውስጥ ያሉት የኦፕን ሶርስ ፓኬጆች (ሌሎች ጽፈው ለሕዝብ የለቀቋቸው የኮድ ጥቅሎች) ከየት እንደመጡና ላይሰንሳቸው (የአጠቃቀም ፈቃዳቸው) ምን እንደሆነ መዝግቦ መያዝ ነው። ታላቅ ወንድምሽ «ለመዝገብ ቤት ነው እንዴ የተማርሽው? የፕሮግራመር ሥራ እስኪገኝ ጠብቂ» ብሎሻል። ሕግ አለመማርሽ፣ እንግሊዝኛሽና የደመወዙ ማነስም ያሳስቡሻል።

እንግሊዝኛው በሥራው ላይ ይመጣል፤ ደጋግመሽ የምታገኛቸው ላይሰንሶች ጥቂት ናቸው፣ ኤምአይቲ የሚባለው ላይሰንስ ተነብቦ ለማለቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በሕጉ ላይ የሚወስነው የደንበኛው ጠበቃ ነው፤ ካንቺ የሚጠበቀው ጠበቃው የሚወስንበትን ማስረጃ አጣርቶ ማቅረብ ነው።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ስካነር (ኮዱን አስሶ ላይሰንስ የሚለቅም ፕሮግራም) አስነስተሽ ያወጣውን ኤክሴል ላይ ገልብጠሽ የምትልኪ ከሆነ እውነቱን ነው፣ መዝገብ ቤት ነው። ሥራው ግን ስካነሩ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚጀምረው።

ኤንፒኤም ከሚባለው የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻ አንድ ፓኬጅ ውሰጂ። መግለጫ ፋይሉ «ላይሰንስ፦ ኤምአይቲ» ይላል። ይህ የባለቤቱ ቃል ነው። ፓኬጁን ፈትተሽ ስታዪው ግን ከሌላ ፕሮጀክት ተገልብጦ የገባ፣ አናቱ ላይ የሌላ ሰው ስምና ጂፒኤል (ምንጭ ኮዱን ስጡ የሚል ላይሰንስ) የሰፈረበት ፋይል ልታገኚ ትችያለሽ። እ.ኤ.አ. በ2021 አይኤስኦ 5962 የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የወጣው ኤስፒዲኤክስ የሚባል የፓኬጅ መመዝገቢያ ቅጽ፣ ባለቤቱ ያሳወቀውን ላይሰንስና መርማሪው የደረሰበትን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች የሚያስሞላው ለዚህ ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ምክንያቱን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ባዶውንም ተጠንቀቂ፦ ኖአሰርሽን (NOASSERTION) ማለት «ምንም አላረጋገጥኩም» ነው፤ ነን (NONE) ማለት «ፈልጌ ላይሰንስ አጣሁ» ነው። ላይሰንስ የሌለው ኮድ ደግሞ ነፃ ኮድ አይደለም፤ ባለቤቱ ምንም አልፈቀደም።

መነሻው ላይ «ጊትሃብ» (ብዙ ሰው ኮዱን የሚያስቀምጥበት ድረ ገጽ) ብለሽ ብትጽፊ ምንም አልጻፍሽም። ሙሉ የማውረጃ አድራሻው፣ ቨርዥኑ፣ ባለ 40 ፊደሉ የጊት ኮሚት መለያ (ጊት የኮዱን ለውጦች የሚመዘግበው ፕሮግራም ነው)፣ የወረደው ፋይል ሻ-256 ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ አሻራው)፣ ከዚያ ፋይሉ ራሱ ተቀምጦ መገኘት አለበት። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ተንኮል የተደበቀበት የፋይል መጭመቂያ፣ የኤክስዜድ ጉድ ሲወጣ፣ የ5.6.0 እና የ5.6.1 ታርቦሎች (ተጨምቀው የሚወርዱ የኮድ ጥቅሎች) ጊቱ ላይ የሌለ ፋይል ይዘው ተገኝተዋል፤ ተንኮሉን ግንባታው (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየሩ) ውስጥ የሚያስገባው እሱ ነበር። ጊቱን አይቶ ታርቦሉን የተጠቀመ ሰው መዝገቡ ሌላ ነገር ይላል፣ መሣሪያው ሌላ ነገር ይዟል። ተቃራኒውም አለ፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ጊትሃብ ታርቦል የሚያዘጋጅበትን አጨማመቅ ሲቀይር የኮዱ ይዘት ሳይነካ ሃሹ ብቻ ተለወጠ፣ ሃሹን የሚያመሳክር የብዙ ሰው ግንባታም ቆመ። ስለዚህ ሃሽ አልገጥም ሲልሽ ከመጮህሽ በፊት ሁለቱንም ፈትተሽ ይዘታቸውን አነጻጽሪ።

ሎክ ፋይሉ (ፓኬጅ ማኔጀር የሚባለው ፕሮግራም ያወረዳቸው ፓኬጆች ዝርዝር) ሁሉን ነገር ይዟል ብለሽም አትመኚ። ፓኬጅ ማኔጀሩ ያመጣውን እንጂ አንድ ፕሮግራመር በእጁ ገልብጦ ያስገባውን አያውቅም። መሣሪያ ላይ በሚሠራ የሲ ቋንቋ ኮድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሎክ ፋይል የሚባል ነገር ራሱ የለም። ቢዚቦክስን ተመልከቺ፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ክስ ያስነሳ፣ ራውተርና ካሜራ ውስጥ የሚኖር የጂፒኤል ቨርዥን 2 ሶፍትዌር ነው። ሻጩ የምንጭ ኮዱን አብሮ ካልሰጠ፣ ለጠየቀ ሁሉ ቢያንስ ለሦስት ዓመት እንደሚሰጥ በጽሑፍ መግባት አለበት። የሚሰጠውም መሣሪያው የተገነባበትን ኮድ ከነማሻሻያውና ከነመገንቢያ ስክሪፕቱ ነው። መዝገብሽ የቨርዥን ቁጥር ብቻ ከያዘ ደንበኛው የሚሰጠው የለውም። ይህን አጣርቶ የሚያገኝ ሰው ኮድ ማንበብ፣ መገንባትና ጊት መመርመር አለበት። ወንድምሽ የትኛው መዝገብ ቤት ውስጥ ነው ይህን ያየው?

እኔ ከጥራት ቁጥጥር የመጣሁ ስለሆንኩ ፍተሻን ከግንባታ አሳንሼ ማየት አይሆንልኝም፤ ምክሬን ስትመዝኚ ይህንንም አስቢበት። የአውሮፓን ሕግ ግን እኔ አላወጣሁትም። ከዲሴምበር 11፣ 2027 ጀምሮ እዚያ ገበያ ላይ የሚውል ሶፍትዌር ያለበት ዕቃ አምራች በአብዛኛው የፓኬጆቹን ዝርዝር ማሽን በሚያነበው መልክ አዘጋጅቶ መያዝ ግዴታው ይሆናል። የጀርመኑ ደንበኛ አሁን ሰው የሚፈልገው ወዶ አይመስለኝም።

ስለ ደመወዙ፦ «ጠብቂ» የሚለው ወንድምሽ የምትጠብቂበትን የቤት ኪራይ ይከፍላል? ካልከፈለ፣ የማይወደው ሥራውን ሳይሆን ለሰው ሲናገሩት የሚሰማውን ስም ነው፤ በዚያ ደግሞ ኪራይ አይከፈልም። ከመፈረምሽ በፊት ግን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ላይሰንሱ ሲጋጭ ምንጭ ኮዱን ከፍቼ የማየው እኔ ነኝ ወይስ ስካነሩ ያለውን ብቻ ነው የምልከው? ስድስት ወር ስሞላስ ደመወዜ ይታያል? የመጀመሪያው መልስ «ስካነሩ ያለውን» ከሆነ አትግቢ። የሁለተኛው «አዎ» ከሆነ ውሉ ላይ አስጽፊው።

እስከዚያው የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን አውጪና አምስት ፓኬጅ በዚህ መንገድ መዝግቢ፤ ለቃለ መጠይቁ ይዘሽው ሂጂ። ከስታክ ኦቨርፍሎው (የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ) የቀዳሽውን ቁራጭ ኮድ እንዳትዘይው፤ እሱም ሲሲ ባይ-ኤስኤ የሚባል ላይሰንስ አለው፣ ሎክ ፋይልሽ ላይ ግን አታገኚውም።