ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ወንድሜ ካሜራ ተተክሎብኛል ይላል»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው፤ ሞባይል ጥገና ይሠራ ነበር። አምስት ወር ሆነው፣ «አምፖሉ ውስጥ ካሜራ አለ፤ ወያላዎቹ ያሽሟጥጡኛል» ይላል። የቁልፍ ቀዳዳውን በሶፍት ጠቅጥቆታል። አሁን ደግሞ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሽማግሌ ናቸው ብሎ ደረጃ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ጫት ይቅማል። እናቴ መተት ነው ብላ ጸበል ልትወስደው ነው፤ መድኃኒት ከነካ ጸበሉ አይሠራም ትላለች። እኔ ከፋርማሲ ዲያዚፓም ገዝቼ፣ ፈጭቼ ጁስ ውስጥ ሰጠሁት፤ ትንሽ ተኛ። እንዲህ ዓይነቱ እምነት ምንድን ነው? ከምን ይመጣል? አጎታችንም እንዲሁ ሆኖ ነው የሞተው። እኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤዎ መጨረሻ ልጀምር። የጠየቁኝ ስለ ወንድምዎ ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን ሆድዎ ውስጥ ያለው ልጅ ይመስለኛል። ወንድምዎን ምን እንደያዘው ገና አልታወቀም። ሰው ሁሉ የሚፈራውን ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ስኪዞፍሬኒያን እንኳ ብንወስድ፣ ከመቶ ሰው አንዱን ገደማ በዕድሜው ያገኘዋል። አጎቱ የታመመበት ልጅ ዕድሉ ከዚህ ከፍ ይላል። ቢሆንም ከመቶው ከ95 ያላነሱት አይታመሙም። ይህን ቁጥር ይያዙት። ለእርግዝና ክትትል ሲሄዱ የቤተሰቡን ታሪክ ይንገሩ፤ ለጊዜው የሚበቃው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ወንድምዎ። በየመንገዱ ካሜራ በተተከለበት ከተማ «እየታየሁ ነው» ማለት ብቻውን በሽታ አይደለም። ቡዳና መተት አለ ብሎ ማመንም አይደለም፤ ስንቱ ያምናል። በሽታ መሆኑ የሚታወቀው አምፖሉን ፈትታችሁ ስታሳዩት ነው። «ትናንት አንስተውት ነው» ይላችኋል። ምንም ማስረጃ ብታመጡ እምነቱ ንቅንቅ አይልም፤ አብሮት ያደገ ሰው ደግሞ አንድም አይጋራውም።

አንጎላችን ከሚያየውና ከሚሰማው ሁሉ የቱ እንደሚመለከተን ይለያል። በዚህ ሥራ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ትልቅ ድርሻ አለው። እሱ ሲዛባ፣ ነፋስ በነካው ቁጥር እንደሚጮህ የመኪና አላርም፣ ተራው ነገር ሁሉ «ይህ አንተን ነው» እያለ ይጮኻል። ወያላው «ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲል ለእርስዎ ታክሲ ነው፤ ለእሱ መልእክት ነው። አእምሮ ደግሞ ለዚህ ሁሉ ጩኸት ምክንያት ሳያገኝ አያርፍም። ሞባይል ጠጋኝ ባይሆን ኖሮ ምክንያቱ ካሜራ ላይሆን ይችል ነበር።

ጫቱስ? ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ይህንኑ ዶፓሚን ከፍ ያደርጋል። ከሰዓት ምርቃና፣ ማታ ጨብሲ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ማደር። የሚቅም ሁሉ አይታመምም። በዘሩ ተጋላጭ የሆነን ልጅ ግን፣ በተለይ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ገፍትሮ ሊጥለው ይችላል። ጫቱ ሲቆም የሚለቀው አለ፤ ቆሞም የሚቀጥልበት አለ። ሐኪሙ የእንቅርት ዕጢ፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ የደም ምርመራ ሊያዝለት ይችላል። የቀረውን ረጅም ዝርዝር እዚህ አልደረድርም፤ ለእርስዎ ሌላ ሌሊት ከማሳጣት በቀር አይጠቅምም። ቤት ውስጥ ስለተጨቃጨቃችሁ የመጣበት አይደለም።

አሁን ልቆጣ ነው። ዲያዚፓም ጁስ ውስጥ? ልጁ «ሰዎች ሊጎዱኝ ነው» ብሎ ተሸብሯል፤ እህቱ ደግሞ በድብቅ መድኃኒት ታጠጣዋለች። አንድ ቀን ብርጭቆው ሥር ነጭ ዱቄት ቢያይስ? ከዚያ ወዲያ ከእጅዎ ጉርሻ እንኳ አይቀበልም፤ አይፈረድበትም። ዲያዚፓም ያስተኛል እንጂ ይህን እምነት አያክምም። በጨብሲው አልኮል ላይ ሲደረብ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ያለ ማዘዣ የሸጠልዎትም ሰው ይፈርበት። አምስት ወር ሙሉ መጠበቃችሁንስ ምን ልበለው? እግሩ ተሰብሮ ቢሆን አንድ ሌሊት አታሳድሩትም ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መሃል ላይ ጣል አድርገውት ያለፉት ነገር አስደንግጦኛል። ሽማግሌው።

«ይከታተሉኛል» የሚል ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ ፈርቶ ቤቱ ይቀመጣል። ብዙዎቹ ማንንም አይነኩም፤ እንዲያውም የሚደበደቡት እነሱ ናቸው። ይህን የምለው ሰፈሩ ወንድምዎን እንደ አውሬ እንዳያየው ነው። ጠላቱ ስምና የቤት ቁጥር ሲያገኝ ግን ነገሩ ይለወጣል። ደረጃ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው በእሱ ሐሳብ ራሱን ለመከላከል ነው። እንዲህ ብሎ ያመነን ሰው ወደኋላ የሚመልሰው ነገር ትንሽ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ያጣሩ። ሽማግሌው በስንት ሰዓት እንደሚወጡና እንደሚገቡ ይከታተላል? ኪሱ ውስጥ ወይም ትራሱ ሥር ስለት አለ? «ሳይቀድሙኝ ልቅደማቸው» ብሏል? «አድርገው» እያለ የሚያዘው ድምፅ ይሰማዋል? ራሱን ስለማጥፋት ያስባል? እሱንም በእርጋታ ይጠይቁት፤ መጠየቅ የሌለ ሐሳብ አይፈጥርበትም። ለአንዱ እንኳ መልሱ አዎ ከሆነ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። እምቢ ካለና የሚሰማው ዘመድ ከሌለ 991 ይደውሉ። አዎ፣ ፖሊስ፤ መታመሙን አስቀድመው ይንገሯቸው። የሁሉም መልስ «አይደለም» ቢሆን እንኳ ይህ ሳምንት ሳያልቅ ይታይ።

የሽማግሌውን ቤተሰብም ያናግሩ። «ወንድሜ አሞታል፤ ደረጃ ላይ ካገኛችሁት አትከራከሩት» ማለት ይበቃል። እንደሚያፍሩ አውቃለሁ። እያፈሩም ቢሆን ይናገሩ። የወጥ ቤት ቢላዎቹን፣ የጥገና ስለቶቹንም ከዓይኑ ያርቁ። በገመድ ማሰር፣ ክፍል ውስጥ መቆለፍ አይሞከርም።

እናትዎን እንዲህ ይበሉልኝ፦ ጸበሉን አልከለክልም። ጠዋት ይጠመቅ፣ ማታ ክኒኑን ይዋጥ፤ ሁለቱ አይጣሉም። የምንቸገረው ልጁ ሻል ሲለው ክኒኑ ሲጣል ነው።

እንዴት ይምጣ? «አእምሮህ ታሟል» ካሉት አይመጣም። አይከራከሩት፤ «አዎ፣ ካሜራ አለ» ብለውም አይዋሹት። «እኔ ካሜራ አላየሁም። አንተ ግን ፈርተሃል፤ እንቅልፍም የለህም። ለእንቅልፉ ሐኪም እንይ» ይበሉት። እንቅልፍ ማጣቱን እሱም አይክድም። ከተማችን «አማኑኤል» የሚለውን ስም ስድብ ስላደረገው ብዙ ሰው እዚያ መሄድ ይፈራል። ጳውሎስም ጥቁር አንበሳም የአእምሮ ሕክምና አለ፤ ከጤና ጣቢያም መጀመር ይቻላል። ድንገተኛ ከሆነ ግን ስም አይመረጥም።

ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒን ወይም ሃሎፔሪዶል የሚባል መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። ሽብሩ በቀናት ሊበርድ ይችላል፤ እምነቱ እስኪላላ ግን ሳምንታት ይወስዳል። በአሥረኛው ቀን «አልሠራም» ብላችሁ እንዳትጥሉት። አንገቱ ወይም መንጋጋው ከተጣመመ በዚያው ሰዓት ይመለሱ፤ ቶሎ የሚፈታ መርፌ አለ። ተሽሏቸው ሥራቸው ላይ የተመለሱ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር ተስፋው ይሰፋል።

ብቻውን አይላኩት፤ «ደህና ነኝ» ብሎ ይወጣል። አብረው ይግቡ፤ የጫቱን መጠን፣ የመጠጡን፣ የአጎታችሁን ታሪክ ለሐኪሙ ይንገሩ። የዲያዚፓሙንም አይደብቁ። እኔ ስለተቆጣሁዎት ሐኪሙ አይደግመውም።