የዓይን ጠብታም መድኃኒት ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ዘግይቼ ነው ያየሁት። የዓይን ግፊትሽ ከፍ ብሎ 28 ነው ተብለሽ ቲሞሎልና ላታኖፕሮስት የሚባሉ የዓይን ጠብታዎች ታዞልሻል። አጥርተሽ ታያለሽ፣ ጠብታው ደግሞ ዓይንሽን ያቀላዋል። «ባቆመው ምን እሆናለሁ?» ነው ያልሽው። ምን እንደሚኮን እኔ አቁሜ አይቼልሻለሁ።

የማየት ነርቭን ቀስ በቀስ የሚገድለው ግላኮማ ምን እንደሆነ በዝርዝር አልነግርሽም፤ እስካሁን አንብበሽ ጨርሰሻል። ወደ ጠብታዎቹ ልሂድ።

1. ሁለቱ አንድ ሥራ አይሠሩም። ዓይን ውስጥ ፈሳሽ ሁልጊዜ ይመነጫል፣ ሁልጊዜም ይወጣል። ቲሞሎል የሚመነጨውን ይቀንሳል። ላታኖፕሮስት ደግሞ ፈሳሹ በቀላሉ እንዲወጣ መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ «አንዱ ይበቃኛል» ብለሽ ራስሽ አትምረጪ። መቅላቱ የላታኖፕሮስት ሳይሆን አይቀርም፤ እኔን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቀነሰልኝ። ሽፋሽፍቴንም አሳድጎልኝ እህቶቼ ቀንተውብኛል።

2. አስም ነበረብሽ? መጨረሻ ላይ እግረ መንገድሽን «ሌሊት ሌሊት ያስለኛል፣ ብርድ መትቶኝ ነው» ያልሽው ነው ያስደነገጠኝ። ተራ ቁጥሩን እዚህ ጋ ልተወውና የሆንኩትን ልንገርሽ።

ልጅ ሳለሁ አስም ነበረብኝ። ካደግሁ በኋላ ስለተወኝ ረስቼዋለሁ። ያየኝ የዓይን ሐኪም ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ጠዋትና ማታ ቲሞሎል፣ ማታ ላታኖፕሮስት። ቀጣይ!» በቃ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ማሳል ጀመርኩ። ስተነፍስ ደረቴ ሲር ሲር ይላል። ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ሲለኝ «ምንም» አልኩት። ጠብታን መድኃኒት ብሎ የሚቆጥር ማን አለ? ሽሮፕ፣ አንቲባዮቲክ፣ የደረት ራጅ፣ ሁለት ወር ሙሉ ተንከራተትኩ።

ጉዱን ያወቀችው አንዲት ወጣት ፋርማሲስት ናት። ጠብታውን ልገዛ መስኮቷ ላይ ቆሜ ሳስል ሰማችኝና «ይሄ የራስህ ነው? አስም ነበረብህ?» አለችኝ። ጠብታው በእንባ መውረጃው ወደ አፍንጫ እንደሚወርድ፣ ከዚያ በቀጥታ ደም ውስጥ እንደሚገባ ያስረዳችኝ እሷ ናት። ቲሞሎል የልብን ምት ያዘገያል፣ አስም ያለበትን ሰው የአየር ቧንቧ ያጠብባል። አንድ ጠብታ!

ተመልሼ ልናገር ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ሴትዮ «ቀጠሮህ ገና ነው፤ ሳል ደግሞ ዓይን ክፍል አይታይም» ብላ ሰው ፊት ሳቀችብኝ። እኔም ሁለተኛ ያንን ደጅ አልረግጥም አልኩ። ንዴቴ ያሠራኝን ስሚ፦ ቲሞሎሉን ብቻ ሳይሆን ምንም ያላደረገኝን ላታኖፕሮስትንም አብሬ ጣልኩት። ሰባት ወር። ሳሉ ጠፋ፣ እኔም ዳንኩ ብዬ ኮራሁ።

አንድ ቀን ቀኝ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባና በመዳፌ ሸፈንኩት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በግራዬ አየሁ። 12 ቁጥር የለም። ጥቁር ነገር ጋርዶት አይደለም፤ ዝም ብሎ የለም። እጄን ሳነሳ ተመልሶ መጣ። ሸፈንኩ፣ ጠፋ። ለካ አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ሲሸፍንልኝ ኖሯል። ስለካ ግፊቴ 34 ገብቷል። የሞተ ነርቭ ደግሞ አይመለስም፤ 12 ቁጥር እስከ ዛሬ ለግራ ዓይኔ የለችም።

አሁን ላታኖፕሮስት ላይ ነኝ፤ በቲሞሎል ፋንታ ዶርዞላማይድ ተጨምሮልኛል። እሱም የሚመነጨውን ይቀንሳል፣ በሌላ መንገድ ነው እንጂ። ያቃጥላል፣ አፍንም መራራ ያደርጋል። መሀል ላይ ብሪሞኒዲን ሞክሬ ነበር፤ አፌ እየደረቀ ሥራ ላይ ያንቀላፋኝ ስለነበር ተቀየረልኝ። ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ ግፊቴ ከ15 አላለፈም። ሐኪሜ አሁን የጠብታ አጨማመሬን ለሌሎች እንዳሳይ ይጠራኛል፦ አንድ ጠብታ ብቻ፣ ዓይን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ሁለት ደቂቃ ጫን ማድረግ። ወደ ደም የሚሄደው የሚቀንሰው በዚህች ነው። ለሁለተኛው ጠብታ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ላታኖፕሮስቱ ከተከፈተ ስድስት ሳምንት ነው ዕድሜው፤ የከፈትኩበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ እጽፋለሁ።

አንቺ ላታኖፕሮስቱን እንዳታቋርጪ። ስለ ሳሉና ስለ ቲሞሎሉ ግን ዛሬውኑ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ መቅላቱም ካልተወሽ እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ኬሚካል የሌለበት ጠብታ እንዳለ ጠይቂው። ትንፋሽ ካጠረሽ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ጠርሙሶቹንም ይዘሽ። ካርድ ክፍል «ቀጠሮሽ ገና ነው» ካሉሽ እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ በይ።