ጥያቄና መልስ፦ ዜማውና መርፌው

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ሳክስፎን ተጫዋች ነኝ። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ «ታላላቆቹ የጃዝ ሰዎች ያለ ሄሮይን ታላቅ ባልሆኑ ነበር» ሲለኝ እኔም ጀመርኩ። መርፌውን ስወስድ ሕመም አይሰማኝም፤ ቅዱስ ያሬድ ጦር ሲወጋው ያልተሰማውን ዓይነት ተመስጦ ይመስለኛል። ኃጢአት ነው? ንስሐ ገብቼ ዳግመኛ ብወድቅስ?

መልስ፦ ልጄ፣ ከያሬድ ልጀምር። የዐፄ ገብረ መስቀል ጦር እግሩን የወጋው እርሱም ንጉሡም በዜማው ተመስጠው ሳለ ነው። ዜማው ቀደመ፣ ጦሩ ኋላ መጣ። አንተ ግን ዜማ ፍለጋ አስቀድመህ ራስህን ትወጋለህ።

የባልደረባህ ወሬ አዲስ አይደለም። ታላቁ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ቻርሊ ፓርከር በሱስ የተያዘው ገና በጉርምስናው ነበር፤ እንደ እርሱ ለመጫወት ሲሉ መርፌውን ያነሡ ብዙ ወጣቶች ሱሱን ወረሱ እንጂ ጣቶቹን አልወረሱም። እርሱም በ1955 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ34 ዓመቱ ሲሞት፣ አስከሬኑን ያየው ሐኪም ዕድሜውን ከ50 በላይ ገመተው። ሌላው ሳክስፎን ተጫዋች ሶኒ ሮሊንስ ግን በዚያው ዓመት አሜሪካ፣ ኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን በሚገኘው የመንግሥት ሆስፒታል ታክሞ ዳነ፤ ከ80 ዓመቱ በኋላም መድረክ ላይ ነበር። እንደ እነርሱ ሳክስፎን ተጫዋች የነበረው ጆን ኮልትሬን በ1957 ሄሮይንን ተወ፤ በዚያ ዓመት በእግዚአብሔር ጸጋ እንደነቃ ራሱ ጽፏል። ታላላቅ ሥራዎቹም የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። (ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቅዱስ ብለው በስሙ ቤተ ክርስቲያን የሠየሙለት አሉ። የእኛ ሥርዓት ይህን አይቀበልም፤ ምስክርነቱን ግን አልንቅም።)

ኃጢአት ነው፤ ሰውነትህ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ነውና። ሕመምም ነው። ሄሮይን የለመደ ሰውነት ሲያጣው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያስመልሰዋል። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ ስለዚህ «ጠበል ከገባህ ሐኪም ምን ያደርግልሃል» የሚልህን አትስማ። ሁለቱም ያስፈልጉሃል።

ብትወድቅ በዚያው ዕለት ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ አፍሬያለሁ ብለህ ከቅዳሴ አትቅር። መቼ እንደምትቆርብ እርሳቸው ይወስናሉ። አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ እወቅ፦ ሰውነት ሄሮይንን ከተወው በኋላ የመቋቋም አቅሙን ያጣል፤ ዱሮ የቻልከው መጠን ሊገድልህ ይችላል። ብቻህን ሆነህ አትደብቀው።

ሳክስፎንህን ለጊዜው እናትህ ዘንድ አስቀምጠው። ፓርከር የእርሱን በመያዣ እያስያዘ በውሰት የተጫወተባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ገንዘብ ሲያጥርህ ዓይንህ መጀመሪያ የሚያርፈው እርሱ ላይ ነው።